በሌላ አባት ስም የወጣ ካርድ

የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ ሆዴን ዳብሳ ጨረሰችና ጓንቷን እያወለቀች፣ "የመጀመሪያውን በኦፕራሲዮን ነው የወለድሽው አይደል? ወረቀቱ የታለ?" አለችኝ። ወረቀት ስለሌለኝ ጠባሳዬን አሳየኋት። ከላይ የሚታየው ስፌት ለእሷ ምንም እንደማይነግራት አስረዳችኝ። ቆዳው አግድም ተቀዶ ማህፀኑ ቁልቁል የተቀደደ ሊሆን ይችላል። አግድም ከሆነ በምጥ መሞከር ይቻላል፤ ቁልቁል ከሆነ ግን ምጡ ሲገፋ ስፌቱ ይፈታል፣ ያኔ አንቺም ልጁም ብላ ንግግሯን ሳትጨርስ ጓንቷን ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። "ከወለድሽበት ሆስፒታል የካርድሽን ኮፒ አምጪ። ቶሎ በይ፣ መንገዱን እንደምታዪው ነው።"

መንገዱን እንደምታዪው ነው የሚለው ነገር ያን ጊዜ ቡራዩ ላይ ሰላምታ ሆኖ ነበር። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ዙሪያዋን ካሉት ከተሞች ጋር ሊያያይዛት ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተብሎ አገሩ ተነስቷል። አንድ ቀን ድንጋይ ተደርድሮ ታክሲ ይጠፋል፣ በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ረዳቱ "ፒያሳ፣ ፒያሳ" እያለ ይጮሃል። ባሌ ሱሉልታ የሕንጻ ሥራ ላይ ነበር፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር እዚያው ያድራል፣ አንዳንዴም ሳምንት ይቀራል። እኔ ደግሞ ወሬ ሳይሰማኝ የማይነጋልኝ ሰው ሆኜ እርግዝናዬ ዘጠነኛ ወሩን ይዟል።

ካርድ ማስወጣት ቀላል ነገር መሆን ነበረበት። ችግሩ ካርዱ የኔ ሆኖ የኔ አለመሆኑ ነው።

ባሌና እኔ ከደቡብ ነው የመጣነው። እሱ ግንበኛ፣ እኔ ልብስ ሰፊ። ቡራዩ ጥግ ላይ ከአንድ ገበሬ ቤተሰብ ትንሽ ቦታ ገዝተን በሽማግሌ ፊት ተፈራርመን ቤት ሠራን። በመንግሥት ዓይን ቤቱ የጨረቃ ቤት ነው፤ የጨረቃ ቤት ያለው ሰው ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ አያገኝም። ገበሬውን ኦቦ እንላቸዋለን፣ ባለቤታቸውን አዴ። እዚያ አገር ትልቅ ሴት በአክብሮት ስትጠራ አዴ ነው የምትባለው። እኔ ግን ስጠራቸው እናቴን የጠራሁ ያህል ይሰማኝ ነበር፤ የወለደችኝ እናቴ ሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቃ ነው ያለችው።

የመጀመሪያዋ ልጄ ምጥ የጀመረኝ ባሌ በሌለበት ነው። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት አዴ ናቸው። በባጃጅ ጭነው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ፣ ጤና ጣቢያው ወደ ከተማ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሊልከኝ ወሰነ። የመላኪያውን ወረቀት የምትጽፈው ሴት መታወቂያ ስትጠይቅ ያለኝ የትውልድ አገሬ መታወቂያ ጊዜው ያለፈበት ነበር። የዚህ ነዋሪ አይደለችም እንዴ ብላ ብዕሯን አቆመች። አዴ አላሰቡበትም፤ "ልጄ ናት" አሉ። የራሳቸውን መታወቂያ አውጥተው ዘረጉ፣ የአባት ስም ሲባሉ የኦቦን ስም ሰጡ። እኔ በዚያ ሰዓት ንጉሥ አባትሽ ነው ቢሉኝም የምከራከርበት ጉልበት አልነበረኝም። ሆስፒታሉም የተላከለትን ወረቀት ተከትሎ ካርድ አወጣልኝ፤ በራሴ ስም፣ በኦቦ ልጅነት። ለኦፕራሲዮኑ ፈቃድ ሲጠየቅ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክተው ያተሙት አዴ ናቸው። እኛ መንደር ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለወግ አልነበረም።

አሁን ወደ ማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ሁለተኛውን ባረገዝኩበት ዓመት የአዴን ወንድ ልጅ ወሰዱት። አንድ ልጃቸው ነው። ብረት በያጅ ነበር፤ የግቢያችንን በር የሠራልን እሱ ነው። ከሚሠራበት ጋራዥ ከሌሎች ወጣቶች ጋር በፓትሮል ጭነው ወደ ሰበታ ወሰዷቸው ተባለ። ለቅሶውን ሰማሁ። በራችን ተዘግቶ ነበር፣ አልከፈትኩትም።

የመጀመሪያውን ቀን ያልሄድኩት ፈርቼ ነው፤ ይህን ሰው ይረዳልኛል። የታጠቁ ሰዎች መንደሩን ገና አልለቀቁም ነበር። ባሌ በስልክ፣ "ተቀመጪ፣ ፈሪ ለእናቱ ነው" አለኝ። ሁለተኛውን ቀን ያልሄድኩት የመጀመሪያውን ስላልሄድኩ ነው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ አሁን ምን ብዬ ልግባ እያልኩ ቀረሁ። ጎረቤት ሰው ሲታሰርበት በማግስቱ የሚገባ ሰው ምንም ማለት አይጠበቅበትም፣ ቁጭ ማለት ብቻ ነው። የዘገየ ሰው ነው ንግግር የሚያስፈልገው። በጸሎት እያሰብኳቸው ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ጸልያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ጸሎቱ ከግቢዬ በር ወጥቼ ሃያ እርምጃ የሚሆነውን መንገድ እንዳልሄድ ሽፋን ሆኖኝ ነበር።

ሌላም ነገር ነበረብኝ። ባሌና እኔ ማታ ማታ፣ ፕላኑ ቢጸድቅ ምናልባት የይዞታ ካርታ እናገኝ ይሆናል እንባባል ነበር። አዴና ኦቦ የሚያለቅሱበትን ነገር እኛ ጎናቸው ሆነን በሹክሹክታ እንመኘው ነበር። ይህን እያወቅሁ እሳቸው ቤት ገብቼ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ወረቀቱን ለማምጣት መጀመሪያ ብቻዬን ሄድኩ። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ጥሩ ሰው ነበር። የካርድ ቁጥሬ ያለባትን ትንሽ ወረቀት አላጠፋሁም ነበርና ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ አይቶ፣ "በዚህ ቁጥር ያለችው ሴት ስሟ ያንቺ ነው፣ አባቷ ግን ሌላ ሰው ናቸው" አለኝ። ነገሩን ልተርክለት ጀመርኩና የማወራው ነገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ። እሱም እያዘነ፣ "እኔ የሰው ምስጢር ለማንም አንስቼ መስጠት አልችልም" አለ። "ተጠሪ ሆነው የፈረሙት እናት መታወቂያቸውን ይዘው ይምጡ። የድሮ ካርድ ከመጋዘን የሚወጣው ረቡዕ ብቻ ነው። ረቡዕ በጠዋት ኑ።"

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ እርጉዟም ችግረኛዋም ራሴ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ማክሰኞ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ መንገድ ጨርሶ ይዘጋል፣ ማንም ከቤቱ አይወጣም የሚል ወሬ ተሰማ። ያለችኝ አንድ ረቡዕ ናት።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሄጄ አንድ ኪሎ ስኳር ገዛሁ። ፌስታሉን ይዤ የአዴ ግቢ ፊት ስደርስ አፈርኩ። በጊዜው የመጣ ጎረቤት ባዶ እጁን ይገባል፤ ሁለት ወር ቆይቶ በስኳር የሚመጣ ሰው ፈልጎ እንደመጣ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ስኳሩን መልሼ ቤት ላስቀምጠው ወይስ ልያዘው እያልኩ ስቆም አዴ ራሳቸው በሩን ከፈቱት።

"ኢንተላ ኮ! ምን ያቆምሻል? ግቢ።" ልጄ ማለታቸው ነው። ሆዴን አይተው ሳቁ፣ ጎንበስ ብለው ሳሙኝ። ፊታቸው ላይ ቅሬታ ፈለግሁ፤ ቅሬታ ባገኝ ይቀለኝ ነበር። ኦቦ ደጅ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቤት ውስጥ መደቡ ላይ የታጠበ ምሳ ዕቃ ተከፍቶ ተቀምጧል፣ አጠገቡ የተቆላ ሽምብራ በሰፌድ ላይ እየቀዘቀዘ ነው። የወጣት ወንድ ሱሪና ሹራብ ተጣጥፎ በነጠላ ጫፍ ላይ ተደርቧል።

ሁሉንም አየሁ። ከዚያ አፌን ከፍቼ ስለ ራሴ ሆድ ማውራት ጀመርኩ።

አዋላጇ ያለችኝን፣ የሆስፒታሉ ሰውዬ ያለኝን፣ የሐሙሱን ወሬ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ልጅዎ እንዴት ሆነ ብዬ አልጀመርኩም። ኋላ ላይ ነው፣ ልወጣ ደፉ ላይ ቆሜ፣ "እግዚአብሔር ያስፈታው" ያልኩት። ቀድሞ መባል የነበረበትን ነገር ጫማዬን እያደረግሁ ተናገርኩት።

"መቼ ነው የምንሄደው?" አሉኝ ጨርሼ ስተነፍስ።

"ነገ። ረቡዕ ብቻ ነው አለኝ።"

ዓይናቸው ወደ ሱሪው ሄዶ ተመለሰ። ኦቦ ከደጅ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፣ ግን "ሮቢ" ማለት ረቡዕ መሆኑን የማያውቅ የቡራዩ ሰው የለም። አዴ በአጭሩ መለሱላቸው።

ረቡዕ የሰበታው እስረኛ የሚጠየቅበት ቀን ነበር፤ እሱም እስከ ቀትር ብቻ። አውቅ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት የመንደሩ እናቶች ስንቃቸውን ይዘው አስፋልቱ ዳር ታክሲ ሲጠብቁ በግቢዬ በር ሽንቁር አያቸው ነበር። ወንዶች አይሄዱም፣ ሄዶ እዚያው የቀረ አለ ይባላል። ስለዚህ ኦቦ አዴን ሊተኩ አይችሉም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ "ነገ ይመችዎታል ወይ?" ብዬ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ እውነቱን ይነግሩኝ ይሆናላ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሰጡኝን ውሃ ጠጥቼ አመስግኜ ወጣሁ።

በማግስቱ ትልቋን ልጄን ኦቦ ጋ ትቼ ስወጣ መንገዱ ክፍት ነበር። ድንጋይ የለ፣ የተቃጠለ ጎማ የለ። አስፋልቱ ዳር እናቶቹ ቆመዋል። አዴ ሻሽ ወዳሰረች አንዲት ጎረቤት ሄደው ምሳ ዕቃውንና ልብሱን ሰጧት፤ እጇን ይዘው በጆሮዋ ብዙ አወሩ። ሴትየዋ ወደ እኔ ቀና ብላ አየች። እኔ ታክሲ የምፈልግ መስዬ ወደ ሌላ ዞርኩ። እነሱ በሰበታው መኪና፣ እኛ በከተማው ሄድን።

መኪናው ውስጥ ሆኜ፣ "ዛሬስ ጌታ መንገዱን ከፈተልን" አልኩ። አፌ ነው፣ ሳስብ አይደለም የሚናገረው። አዴ በመስኮት እያዩ፣ "ኤዬ፣ ክፍት ነው" አሉ።

ካርድ ክፍሉ ጋ ወረፋው ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ ሠራተኛው የአዴን መታወቂያ ተቀብሎ አየ፣ ስሙን ከኮምፒውተሩ ጋር አስተያየ።

"ልጅዎ ናት እናቴ?"

"ልጄ ናት።"

"ስንት ልጆች አሉዎት?" ይህን የጠየቀው ለጨዋታ ነው፣ የካርዱን ቁጥር ብጣሽ ወረቀት ላይ እየገለበጠ።

"ሁለት" አሉ አዴ።

ወደ መጋዘን ሄዶ እስኪመለስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አዴ አንድም ቀን እንደዚያ ሰዓት ሲጠይቁ አይቻቸው አላውቅም። ሰው ባለፈ ቁጥር "ስንት ሰዓት ሆነ?" ይላሉ። እኔ ሰዓት ነበረኝ፤ ግን እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ ተቀመጥኩ። እኔን ሲጠይቁኝ ቀንሼ ነገርኳቸው። ለምን እንደቀነስኩ አላውቅም፤ ወይም አውቃለሁ፣ ተነስተው እንዳይሄዱብኝ ነው።

ሠራተኛው እጁ አቧራ ለብሶ የደበዘዘ ፎልደር ይዞ መጣ። ኮፒ ተደርጎ ማኅተም ተመታበት፣ እዚያው ያለች ሐኪም እንድታነብልኝ አስገቡኝ። ገጾቹን ገልብጣ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። "አግድም ነው፣ ዝቅ ብሎ። ጥሩ ነው፣ በምጥ መሞከር ትችያለሽ።" አለቀስኩ። ወጥቼ አዴን አቀፍኳቸው፣ ሆዴ በመሐላችን ሆኖ በቅጡ አልተቃቀፍንም። "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ብዬሽ አልነበር" አሉኝና ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያም በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ሰዓት ጠየቁት። እሱ አልቀነሰም። ሲነግራቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ መልሰው ተቀመጡ።

እንደተባለው ሐሙስ መንገዱ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ምጤ መጣ። ወደ ከተማ መሄድ አልተቻለም፤ አዋላጇ ያን ወረቀት አስይዛ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ላከችኝና አንብበው በምጥ አስወለዱኝ። ወንድ ልጅ ነው። ወረቀቱ ባይኖር ምን እንደሚያደርጉ ግራ ይገባቸው እንደነበር ራሳቸው ነገሩኝ።

አራስ ቤት ሳለሁ አዴ በየቀኑ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ያቺ ሻሽ ያሰረች ጎረቤት አብራቸው መጣች። ልጁን ታቅፋ አየችው፣ መረቀችው፣ ከዚያ ድንገት ትዝ እንዳላት፣ "ያንቺ ልጅ ያን ቀን በሽቦው ውስጥ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ዋለ፣ አዴ" አለች። "ምሳ ዕቃውን ተቀበሉኝ፣ እናቱ ካልሆንሽ ግን አታገኚውም አሉኝ። ብናውቅ ኖሮ! መንገዱ ተከፍቶ ስንሄድ አንድም የለም።" ወደ ሩቅ ቦታ ወስደዋቸዋል፣ የት እንደሆነ የሚናገር አልነበረም። አዴ ይህን አንድም ቀን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ሴትየዋ ስትሄድ ባሌ ውጭ ነበር፣ ሁለታችን ቀረን። "ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። ድምፄ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር፤ በደለኛ ስሆን እቆጣለሁ፣ የቆየ ጠባዬ ነው።

አዴ ሕፃኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሊያስገሱት ጀርባውን እያሹ አዩኝ። "ብነግርሽ ትቀሪ ነበር?"

ለነገር አልነበረም። እውነት ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። እቀር ነበር ልላቸው ፈልጌ ነበር።

"አልቀርም ነበር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "ሆድሽ ደርሶ ነበር።" ሕፃኑ አገሳ፣ በነጠላቸው አፉን ጠረጉለት።

ያን ቀን የይቅርታ ያህል የሆነ ነገር በመሐላችን ያለፈ መስሎኝ ነበር። አላለፈም፤ የቀለለኝ ሸክሙን እሳቸው ስለያዙልኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው እየሄድኩ ውሃ ቀድቻለሁ፣ እህል ለቅሜያለሁ፣ ልጁ ያለበትን ቦታ ለማጠያየቅ አብሬያቸው ተንከራትቻለሁ። የሚገርመው ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። ከወራት በፊት ሃያ እርምጃ ያላስኬደኝ ፍርሃት ሰበታ ድረስ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ስሄድ አልነበረም። ይህ ደግሞ ይብስ ያቃጥለኛል፤ መጀመሪያም ልሄድ እችል ነበር ማለት ነው።

የአዴ ልጅ ተፈታ። ልጄ ቆሞ መሄድ በጀመረበት ሰሞን አንድ ጠዋት ግቢያቸው በእልልታ ተናወጠ። ሮጬ ገባሁ፣ ልጄን እንደታቀፍኩ። የአዴ ልጅ ከስቶ ነበር፣ ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ግን ይስቃል። ጎረቤት እየገባ ይስመዋል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል። ቤቱ ጢም ሲል እኔ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጬ ነበር፣ እሱ ከእናቱ አጠገብ።

ጨዋታው መሐል ወደ እናቱ ዞር አለ። "እማ፣ ሊወስዱን ሲሉ የመጨረሻዋ ረቡዕ ምነው ቀረሽ? ምሳ ዕቃው መጣ፣ አንቺ የለሽም። አሞሻል ብዬ ስንት ወር ተጨነቅሁ።"

ቤቱ ውስጥ ሻሽ ያሰረችው ሴትዮ ነበረች፣ ቀና ብላ አየችኝ። ኦቦ መሬት መሬት አዩ። እኔ ነኝ ልለው የምችለው ያኔ ነበር። ያቺን ረቡዕ እኔ ወሰድኩብህ ለማለት አፌን ከመክፈት በቀር ምንም አያስፈልገኝም ነበር።

"መንገድ ተዘግቶ ነበር" አሉ አዴ።

"እሱስ ያኔ መቼ ተከፍቶ ያውቃል" አለና ተቀበላቸው። ከዚያ ዓይኑ እኔ ጭን ላይ ካለው ልጅ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ነካ አደረገው።

"ይሄ ደግሞ መቼ ተወለደ?"

"አንተ በታሰርክበት ሰሞን" አልኩት።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ። አራስ ሆነሽ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ፣ እንግዲህ ይቅርታ" አለኝ።

"ምንም አይደል" አልኩት።